ክራርን በራስ ጥረት መማር፡ ከጣት አስቀድሞ ቅኝት

በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት የንብረት ክፍል ውስጥ ከአሮጌ የጽሕፈት መኪናዎችና እግራቸው ከተሰበረ ወንበሮች ጎን አራት ክራሮች ተሰቅለው ይገኛሉ። ክራሮቹ ለኅዳር 29 የብሔር ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ቀን አከባበር ተገዝተው በሞዴል 19 ገቢ የሆኑ፣ በሞዴል 22 ወጪ ተደርገው ለአንድ ቀን መድረክ ላይ የታዩና ወዲያውኑ ወደ መጋዘኑ የተመለሱ ናቸው። በዕለቱ የተሰማው ዜማ ከድምፅ ማጉያ የወጣ እንጂ ከክራሮቹ የመነጨ አልነበረም። የዚህ ጽሑፍ አዘጋጅ በሥራ አጋጣሚ ወደ ክፍሉ ገብቶ አንዱን ባነሣ ጊዜ ከስድስቱ ክሮች ሁለቱ ተበጥሰው፣ የቀሩት ደግሞ ላልተው አግኝቷቸዋል።

በዓሉ ከ1999 ዓ.ም. ጀምሮ በየዓመቱ ሲከበር የቆየ እንደመሆኑ መጠን፣ ተመሳሳይ ዕጣ የገጠማቸው ክራሮች በሌሎችም መጋዘኖች ይኖራሉ ብሎ መገመት አያስቸግርም። መሣሪያው አለ፤ ንብረት ሆኖም ተመዝግቧል። የጎደለው አንሥቶ የሚጫወተው ሰው ነው። ብዙዎች ክራር መጫወት በተፈጥሮ የሚሰጥ ተሰጥዖ ወይም ከአዝማሪ ቤተሰብ የሚወረስ ሙያ ይመስላቸዋል። ሆኖም ከሀገራችን የሙዚቃ መሣሪያዎች ውስጥ አንድ ጎልማሳ ሠራተኛ ያለ መደበኛ ትምህርት፣ በቤቱ ተቀምጦ፣ በራሱ ጥረት ሊጀምረው የሚችል መሣሪያ ቢኖር በግንባር ቀደምነት የሚጠቀሰው ክራር ነው።

ይህ የሆነበት ምክንያት በመሣሪያው አሠራር ላይ የተመሠረተ ነው። ማሲንቆ አንድ የጭራ ክር ብቻ ያለው ሲሆን፣ ዜማው ሁሉ የሚወጣው ተጫዋቹ በዚያው ክር ላይ ጣቱን ከቦታ ቦታ እያዘዋወረ በመጫን ነው። ጣቱ በጥቂት ሚሊሜትር ቢስት ድምፁ ይዛባል። ዋሽንት ለመያዝ ቀላል፣ ለመግዛትም ርካሽ ነው፤ ነገር ግን ከአፉ ጠርዝ ላይ የመጀመሪያውን የጠራ ድምፅ ለማውጣት ብቻ ጀማሪው ቀናት ሊፈጅበት ይችላል። በክራር ግን እያንዳንዱ ክር አንድ ድምፅ ብቻ ይሰጣል። ክሩ በትክክል ከተቃኘ፣ የተቀመጠ ሕፃን ቢነካውም እንኳ የሚወጣው ድምፅ ትክክል ነው። አምስት ድምፆች ለአንድ ቅኝት በቂ በመሆናቸውም ስድስቱ ክሮች አንድን ዘፈን ከነሙሉ ዜማው ለመሸፈን አያንሱም። ስድስተኛው ክር አብዛኛውን ጊዜ የመጀመሪያውን ድምፅ በላይኛው እርከን ይደግማል።

ታዲያ ቀላልነቱ ሁኔታ አለው፤ ክሩ በትክክል ከተቃኘ የሚል። ክራርን በራሳቸው ለመማር ጀምረው ያቋረጡ ሰዎች ጣታቸው እምቢ አለ ይላሉ። በአዘጋጁ ልምድ ግን ጣት እምብዛም ጥፋተኛ አይደለም። ጀማሪው ያልተቃኘ ክራር ይዞ ትክክለኛውን ክር ይመታል፤ የሚሰማው ግን የተሳሳተ ድምፅ ነው። በዚህን ጊዜ የተሳሳተው እርሱ ይመስለዋል። አዘጋጁም በዚህ መንገድ ሁለት ዓመት ያህል ክራሩን ግድግዳ ላይ ሰቅሎ ትቶት ነበር።

የመጀመሪያው ስህተት የተፈጸመው ገና በግዢው ላይ ነው። ከአንድ የስጦታ ዕቃዎች መሸጫ የተገዛው ያ ክራር በገበቴው ላይ ሥዕል የተሣለበት፣ በጨሌ ያጌጠና ለዓይን የሚማርክ ነበር። ሆኖም ለግድግዳ ጌጥነት እንጂ ለመጫወት አልተሠራም። መቃኛዎቹ በተዘጋጀላቸው ቀዳዳ ውስጥ አጥብቀው ስለማይይዙ አንዱ ክር ተወጥሮ ሌላው ጋ ሳይደረስ የመጀመሪያው ይላላል። በመሆኑም ክራር ለመግዛት የሚያስብ ሰው አንዱን ክር አስወጥሮ ድምፁን በማስታወስ፣ ከሻጩ ጋር አሥር ደቂቃ ያህል ከተጨዋወተ በኋላ ደግሞ ቢነካው ይበጃል። ድምፁ በእጅጉ ከወረደ ዕቃው ጌጥ ነው። በሁለቱ ቋሚዎች ላይ የተጋደመው ቀንበር ክሮቹ ሲወጠሩ የማይጎብጥ፣ ገበቴውን የሸፈነው ቆዳ ደግሞ በጣት ሲመታ እንደ ከበሮ የሚያስተጋባ ሊሆን ይገባል። ቀደም ሲል ክሩ ከጅማት ይዘጋጅ የነበረ ሲሆን፣ በአሁኑ ወቅት ናይለን ወይም የብረት ክር በስፋት አገልግሎት ላይ ይውላል። ለጀማሪ ጣት ናይለን ይለሰልሳል።

ክሮቹ ለምን የተለያየ ውፍረት እንዳላቸው ማወቅም ከብዙ ብስጭት ያድናል። በክራር ላይ ስድስቱም ክሮች ርዝመታቸው ተቀራራቢ ነው። ስለዚህ ድምፃቸውን የሚለያየው የውጥረታቸው መጠንና ውፍረታቸው ብቻ ነው። አንድን ክር በአንድ ኦክታቭ፣ ማለትም ንዝረቱን በእጥፍ ከፍ ለማድረግ ውጥረቱን አራት እጥፍ ማሳደግ ያስፈልጋል። በአንድ ዓይነት ክር ስድስቱንም ለመሥራት የሚሞክር ሰው ወይ ዝቅተኛው ክር ላልቶ ይንጠለጠልበታል፣ ወይ ከፍተኛው ይበጠስበታል። ወፍራሙ ለዝቅተኛው፣ ቀጭኑ ለከፍተኛው ድምፅ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

ወደ ቅኝቱ እንግባ። በሀገራችን የሙዚቃ ትምህርት አራት ዋና ዋና ቅኝቶች ይጠቀሳሉ፤ እነርሱም ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ ናቸው። ባቲና አምባሰል ስማቸው በወሎ ከሚገኙ አካባቢዎች ስም ጋር አንድ ነው። ለጀማሪ የሚመረጠው ሙሉው ትዝታ ሲሆን ድምፆቹ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል እና ላ ናቸው። ክሮቹን ከዝቅተኛው ወደ ከፍተኛው በተርታ ብንቆጥራቸው አንደኛው ዶ፣ ሁለተኛው ሬ፣ ሦስተኛው ሚ፣ አራተኛው ሶል፣ አምስተኛው ላ፣ ስድስተኛው ደግሞ ላይኛው ዶ ይሆናሉ ማለት ነው።

በእጅ ስልክ ላይ የሚጫኑ የመቃኛ ፕሮግራሞች በአሁኑ ጊዜ ያለ ክፍያ ይገኛሉ። ፕሮግራሙ ክሩ ሲነካ የድምፁን ስም በእንግሊዝኛ ፊደል የሚያሳይ ሲሆን ለሙሉ ትዝታ ሲ፣ ዲ፣ ኢ፣ ጂ እና ኤ የሚሉትን ፊደላት መከተል ይቻላል። በንዝረት ቁጥር ሲገለጽ ዶ በሴኮንድ 262 ያህል፣ ሬ 294፣ ሚ 330፣ ሶል 392፣ ላ 440፣ ላይኛው ዶ ደግሞ 523 ገደማ ነው። ይሁንና እነዚህ ቁጥሮች ሕግ አይደሉም። ድምፁ ወፍራም የሆነ ሰው ሁሉንም በእኩል ዝቅ አድርጎ ለራሱ ድምፅ በሚመች ልክ ሊቃኘው ይችላል። መጠበቅ ያለበት በክሮቹ መካከል ያለው ርቀት ነው።

ያለ ስልክ በጆሮ መቃኘትም ይቻላል፤ እንዲያውም የሚመከረው ይኸው ነው። መጀመሪያ አንደኛው ክር ለድምፅ በሚመች ልክ ይወጠራል። ቀጥሎ ስድስተኛው ክር ከአንደኛው ጋር አንድ እስኪመስል ድረስ ይጠብቃል፤ ወንድና ሴት አንድን ዜማ አብረው ሲያዜሙ የሚሰማው ዓይነት ስምምነት መሆኑ ነው። ከዚያም አራተኛው ከአንደኛው ጋር ይስተካከላል። ይህ የዶና የሶል ዝምድና የንዝረታቸው መጠን ሦስት ለሁለት በመሆኑ ለጆሮ በጣም ግልጽ ነው። ከአራተኛው ወደ ሁለተኛው ተወርዶ ሬ ይገኛል፤ ከሁለተኛው ወደ አምስተኛው ወጥቶ ላ፣ ከአምስተኛው ወደ ሦስተኛው ተወርዶ ሚ ይገኛል። ሁለት ድምፆች ተቀራርበው ገና ሳይገጥሙ ሲቀሩ የሚሰማ የመንቀጥቀጥ ስሜት አለ። ክሩ ወደ ትክክለኛው ቦታ በተጠጋ መጠን መንቀጥቀጡ እየዘገየ ይሄድና ይጠፋል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ይህ ሥራ ብቻ ግማሽ ሰዓት ሊወስድ ይችላል። ጊዜው ግን አይባክንም፤ ጆሮ የሚሠለጥነው በዚሁ ግማሽ ሰዓት ውስጥ ነው።

ከሙሉ ትዝታ ወደ ሌሎቹ ለመሻገር ሁሉንም ክር እንደገና መጀመር አያስፈልግም። ሦስተኛውና አምስተኛው ክር እያንዳንዳቸው በግማሽ ድምፅ ዝቅ ቢሉ ግማሽ ትዝታ ይገኛል። ግማሽ ድምፅ ማለት የንዝረቱን መጠን በ6 በመቶ ገደማ መቀነስ ወይም መጨመር ነው። በዚሁ በግማሽ ትዝታ በተቃኘ ክራር ላይ ማረፊያውን ከአንደኛው ክር ወደ አራተኛው ያዛወረ ሰው ደግሞ ክሩን ሳይነካ የአምባሰልን የድምፅ ርቀት ያገኛል። ለባቲ ሁለተኛውና አምስተኛው ክር በአንድ ሙሉ ድምፅ፣ ሦስተኛው በግማሽ ድምፅ ከሙሉ ትዝታ ከፍ ይላሉ። አንቺ ሆዬ ግን ከሁሉም ይከብዳል። ሁለተኛውና አራተኛው በግማሽ ዝቅ፣ ሦስተኛው በግማሽ ከፍ የሚል ሲሆን፣ ዶና ሶል የነበራቸው ግልጽ ስምምነት ስለሚፈርስ ጀማሪው በጆሮው የሚመረኮዝበት ነገር ያጣል። ቢያንስ የመጀመሪያዎቹ ስድስት ወራት እስኪያልፉ ድረስ ባይነካ ይሻላል የሚል አስተያየት አዘጋጁ አለው።

አዲስ ክር በተገጠመ በመጀመሪያዎቹ ቀናት እየተለጠጠ ስለሚሄድ በየጊዜው ይላላል። ይህ የመሣሪያው ብልሽት አይደለም። በክረምት ወራት ደግሞ ቆዳው እርጥበት ሲስብ ስለሚለሰልስ በላዩ ላይ ያለው የክሮቹ መደገፊያ ዝቅ ይላል፤ ድምፁም አብሮ ይወርዳል፣ ይታፈናልም። ክራሩን ፀሐይ ላይ ወይም እሳት አጠገብ አስቀምጦ በፍጥነት ለማድረቅ መሞከር ቆዳውን ሊሰነጥቀው ስለሚችል ደረቅ ክፍል ውስጥ ሰቅሎ መታገሥ ይመረጣል።

አጨዋወቱ በሁለት ይከፈላል፤ መደርደርና መግረፍ። በድርደራ ጣቶች ክሮቹን አንድ በአንድ እየነኩ ዜማውን ያወጣሉ። ጀማሪው በዚህ ቢጀምር ይቀለዋል፤ ምክንያቱም የሚሰማው የነካው ክር ብቻ ነው። ክራሩ በግራ በኩል ጭን ላይ ተደግፎ የግራ እጅ ጣቶች ከክሮቹ በስተጀርባ ይቀመጣሉ። አምስት ጣት ለስድስት ክር የሚያንስ በመሆኑ አንደኛው ጣት ሁለት ክር ይጠብቃል። የትኛው ጣት የትኛውን ክር እንደሚይዝ አንድ ጊዜ ከተወሰነ በኋላ መለዋወጥ አይገባም።

ግርፍ ግን መጀመሪያ ላይ ግር የሚያሰኝ ጠባይ አለው። ቀኝ እጅ በትንሽ መግረፊያ ስድስቱንም ክሮች በአንድነት ይመታል፤ የግራ እጅ ጣቶች የማይፈለጉትን ክሮች በመንካት ያፍኗቸዋል። ስለዚህ ዜማው የሚወጣው ጣት ሲነሣ ነው። ከጊታር የመጣ ሰው ድምፅ ለማውጣት ጣቱን መጫን ስለለመደ እዚህ ላይ ሁሉም ነገር ይገለበጥበታል። አንድ ክር ብቻ ከፍቶ አምስቱን አፍኖ መምታት፣ ከዚያ ያንን ዘግቶ ቀጣዩን መክፈት፣ እንዲህ እያለ ከአንደኛው እስከ ስድስተኛው ወጥቶ መመለስ የመጀመሪያው ልምምድ ነው። ያለ ዘፈን፣ ያለ ምት፣ በዝግታ። አሰልቺ መሆኑ አይካድም።

ከመሥሪያ ቤት በ11፡30 ወጥቶ፣ ታክሲ ተሰልፎ ቤቱ ለሚደርስ ሠራተኛ በቀን ስንት ሰዓት መለማመድ ያስፈልጋል የሚለው ጥያቄ ተገቢ ነው። አስራ አምስት ወይም ሃያ ደቂቃ ይበቃል፤ ነገር ግን በየቀኑ መሆን አለበት። እጅ የሚማረው እንቅስቃሴ በየመሀሉ ዕረፍትና እንቅልፍ ሲያገኝ ይበልጥ እንደሚጸና በጥናት የተረጋገጠ ነው። እሑድ ሦስት ሰዓት ተቀምጦ በሳምንቱ ውስጥ ክራሩን ያልነካ ሰው በቀጣዩ እሑድ አብዛኛውን ከአዲስ ይጀምራል። ክራሩን ሣጥን ውስጥ ከመክተት ይልቅ ዓይን በሚያርፍበት ቦታ መስቀልም ይረዳል፤ ለመቃኘት አንድ ሰበብ ይቀንሳል።

ሁለተኛው ረዳት መቅጃ ነው። ሰው እየተጫወተ ራሱን በትክክል አይሰማም። የአንድ ደቂቃ ጨዋታ በስልክ ቀድቶ በማግስቱ ጠዋት ማዳመጥ መምህር የሚሰጠውን እርማት በከፊል ይተካል። ለማዳመጥ ደግሞ ክራርና የሰው ድምፅ ብቻቸውን የሚሰሙባቸውን ሥራዎች መምረጥ ይገባል። ተዋናይት፣ ድምፃዊትና የክራር ተጫዋች የነበረችው አስናቀች ወርቁ በመስከረም ወር 2004 ዓ.ም. ከዚህ ዓለም በሞት ብትለይም፣ ሥራዎቿ ፈረንሳይ ውስጥ በሚታተመው “ኢትዮፒክስ” ተከታታይ አልበም 16ኛ ቅጽ ተሰብስበው ይገኛሉ። ካሳ ተሰማም ክራርን ከድምፁ ጋር አስማምቶ በመጫወት የሚታወስ ነው። በእነዚህ ሥራዎች ውስጥ የክራሩን እያንዳንዱን ክር ለይቶ መስማት ይቻላል፤ በኪቦርድ በታጀቡት ዘፈኖች ውስጥ ግን ይህን ማድረግ ይከብዳል።

እርግጥ በራስ መማር ወሰን አለው። የእጅ አንጓ ሕመም፣ የትከሻ መወጠር ወይም ሁልጊዜ በአንድ ቦታ የሚደጋገም ስህተት ካለ፣ የሚያውቅ ሰው አይቶ በአምስት ደቂቃ የሚያርመውን ብቻውን ያለ ሰው በዓመትም ላያገኘው ይችላል። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር የሚገኘው ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ክራርን፣ ማሲንቆንና ዋሽንትን ከውጭ የሙዚቃ መሣሪያዎች ጎን ለጎን የሚያስተምር ሲሆን፣ ከዚያ የወጡ ባለሙያዎችን በየባህል ማዕከሉና በየሙዚቃ ቡድኑ ማግኘት ይቻላል። አልፎ አልፎ ደግሞ መምህሩ ባልታሰበ ቦታ ይገኛል።

አዘጋጁ ከሁለት ዓመት መቋረጥ በኋላ ሌላ ክራር ገዝቶ በምሳ ሰዓት ቢሮ ውስጥ ሲቃኝ በር ላይ ቆመው የሰሙት ለጡረታ የተቃረቡ የጥበቃ ሠራተኛ ነበሩ። ጋሼ እያልን የምንጠራቸው እኒህ ሰው ክራር እንደሚጫወቱ በመሥሪያ ቤቱ ውስጥ የሚያውቅ አልነበረም፤ በወጣትነታቸው ዘመን የክራር ተጫዋች በአዝማሪነት ተሰይሞ ይናቅ ስለነበር ስለዚህ ነገር ማውራትን እንደተዉ በኋላ ተናግረዋል። ክራሩን ተቀብለው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ስልክም ሆነ ሌላ ነገር ሳይሹ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ቃኙት።

አዘጋጁ ከጉጉት የተነሣ ቅኝቱን በእጅ ስልኩ ለካ። አምስቱ ክሮች ከሞላ ጎደል ተስማሙ። ሦስተኛው ግን ከሚ ዝቅ፣ ከግማሹም ከፍ ብሎ በሁለቱ መካከል ቆሞ ነበር፤ ስልኩም ቀይ ምልክት አሳየ። ክሩ በስልኩ መሠረት ከተስተካከለ በኋላ ሲመለስላቸው ጋሼ አንድ ጊዜ ደርድረው፣ ፊታቸውን አጨፍግገው ሦስተኛውን ክር ወደ ነበረበት መለሱትና በዝግታ ማዜም ጀመሩ። ከድምፃቸው ጋር ሲሰማ የነበረበት ቦታ ትክክል ነበር።

ለዚህ ማብራሪያ አለው። በስልክ ላይ ያሉት የመቃኛ ፕሮግራሞች አንድን ኦክታቭ ለአሥራ ሁለት እኩል ቦታ የሚከፍለውን የፒያኖና የኪቦርድ ሥርዓት የሚከተሉ ናቸው። የሀገራችን ቅኝቶች ደግሞ ከዚህ ክፍፍል በፊት የነበሩ፣ በጆሮ ከሰው ወደ ሰው የተላለፉ በመሆናቸው አንዳንዶቹ ድምፆች በሁለት የኪቦርድ ቁልፎች መካከል ያርፋሉ። ከላይ የተሰጡት የዶ ሬ ሚ ስሞችና የንዝረት ቁጥሮችም ለጀማሪ መንገድ ማሳያ እንጂ የቅኝቱ ሙሉ መልክ አይደሉም። በስልክ ብቻ የሚማር ሰው ክራር መጫወት ይችላል፤ ነገር ግን ሁሉም ሰው በስልክ ብቻ ከተማረ በሁለቱ ቁልፎች መካከል ያለው ያ ድምፅ የሚገኝበት ቦታ አይኖርም። በጽሑፍ አልሰፈረም፣ በመጋዘንም አልተመዘገበም፤ ያለው በሰው ጆሮ ውስጥ ነው።

ጋሼ በጡረታ ተሰናብተው ወደ ትውልድ ቀያቸው ከመሄዳቸው በፊት ለሁለት ወራት ያህል በምሳ ሰዓት አብረው ተቀምጠዋል። ያስተማሩት ጥቂት ነው፤ በአብዛኛው ይቃኙና ያዳምጡ ነበር። ከዚያ የቀረው በእጅ ስልክ የተቀዳ የአሥራ አንድ ደቂቃ ድምፅ ነው። አዘጋጁ ዛሬም ክራሩን ሁለት ጊዜ ይቃኛል፤ መጀመሪያ በስልኩ፣ ቀጥሎ ያንን ቅጂ ከፍቶ በጆሮው። ሦስተኛው ክር ትክክል ሲመጣ ስልኩ ቀይ ያሳያል።